ስለ ጎደለችው አንዲት ጎማ

ለተከበሩ አቶ አስመላሽ
የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ
ካዛንቺስ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም የቁምሳጥን ቁልፎችዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ልጄን ሉሊን በየማለዳው ከቄራ አዝዬ መጥቼ ምድር ቤት ባለው የሕፃናት ማቆያችን እተዋታለሁ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ስለ መጫወቻዎቹ ቀደም ብዬ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ፋይልዎ ውስጥ ተመቻችተው ስለተኙ፣ ሦስተኛው እንዳይቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

1. በቅድሚያ ስለገዙልን ትንንሽ መኪኖች አመሰግናለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጡ ካርቶናቸው ላይ በሥዕል ሳይቀር ተነግሯል። ክፍልዎ ግን የንብረት ቁጥሩን ልክ ሥዕሉ ላይ ስለለጠፈው፣ ማንም በማስጠንቀቂያው ሳይረበሽ፣ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ለሚከቱ ልጆች ታደሉ። የቁጥሩ ወረቀት እስከ ዛሬ አልተላጠም፤ ጎማዎቹ ግን በሳምንታቸው መነቀል ጀመሩ።

2. እኛ ወላጆች ደምበል አካባቢ ሱቅ ለሱቅ ዞረን፣ ጎትተንና ጨምቀን መርጠን ያመጣናቸው የጨርቅ ኳሶችና አፍ የማይገቡ ትልልቅ የእንጨት ኩቦችም በመስተዋት ቁምሳጥን ተቆልፈው በሰላም ይኖራሉ። እንግዳ ሲመጣ ወጥተው ፎቶ ይነሣሉ፤ እንግዳው ሲሸኝ ተቆጥረው ይገባሉ። የእንግዳ ሳህን በሁላችንም ቤት አለ፤ የእንግዳ መጫወቻ ግን እርስዎ ዘንድ ነው ያየሁት።

3. ባለፈው ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከባቄላ ትንሽ የምትበልጥ ጎማ ልጄ ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረች። ተጠርቼ ደረጃውን በሩጫ ስወርድ የሉሊ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ሞግዚቷ ወይዘሮ ምንዳዬ ጭናቸው ላይ ደፍተው ጀርባዋን በመዳፋቸው መቱ፣ ደገሙ፤ በአምስተኛው ጎማዋ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፣ ልጄም አለቀሰች። ልቅሶዋን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እርስዎ ሐሙስ ዕለት ቆጣሪ ኮሚቴ ላኩ። ኮሚቴው መኪኖቹን ገልብጦ አይቶ አንድ ጎማ መጉደሏን ደረሰበት። አርብ ጠዋት ወይዘሮ ምንዳዬ «በእጃቸው ያለ ንብረት በማጉደል» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የሆነውን ላስረዳ ቢሮዎ ስመጣ አንገትዎን ከመዝገቡ ሳያነሱ «ልጅቷስ ተርፋለች፤ ጎማዋ የት አለች?» አሉኝ። እኔም ወደ መዝገብ ቤት ተመልሼ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

4. ይህ ለእኒህ ሴት ሁለተኛ ማስጠንቀቂያቸው ነው። የመጀመሪያው፣ ያንን ቁምሳጥን ያለ ፈቃድ ከፍተው ኩቦቹን ለልጆች በማውጣታቸው ነበር። ሦስተኛ ከመጣ ይሰናበታሉ፤ ያን ጊዜ የእኔም ሆነ የሌሎች ልጅ ሲታነቅ ጀርባውን የሚመታ ኮሚቴ እንደሚያቋቁሙልን አልጠራጠርም። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ልጁ አይቆይምና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ እለምንዎታለሁ፦ ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ይሰረዝ፣ መኪኖቹ ይሰብሰቡ፣ ቁምሳጥኑም ይከፈት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከማክሰኞ ወዲህ ፋይል እያወጣሁ ጆሮዬ ምድር ቤት ነው።

ለንብረት ካለዎት ፍቅር ሩቡን ለልጆቻችን እንዲያውሱን፣ ካስፈለገም ፈርመን እንድንወስድ የምማጸን፣ በከፍተኛ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

እጸገነት ታዲዎስ
(የሉሊ እናት)

ግልባጭ፦
ለቆጣሪው ኮሚቴ
በሚቀጥለው ጊዜ ለሚመጣው እንግዳ

ከፊርማ በኋላ፦ ጎማዋ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበረች፤ ታጥባ፣ በፖስታ ታሽጋ ከዚህ ጋር ተያይዛለች። የገቢ ደረሰኝ ሲቆርጡ «የተገኘበት ቦታ» በሚለው መስመር «የሕፃን ጉሮሮ» ብለው ይጻፉልኝ። «ያስረከበው» በሚለው ላይ ደግሞ የወይዘሮ ምንዳዬ ስም ይግባ።