ደናችንን አስመንጥረው ደን ስለ ተከሉልን

ለተከበሩ የደን ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ለችግኝ ተከላው መጥተው ከኮረብታችን ሲወርዱ፣ ጫማዎን ጭቃ ነክቶት ክፉኛ ሲበሳጩ ስላየሁ፣ ጫማውም እርስዎም ደህና መሆናችሁን አለመስማቴ እስከ ዛሬ ሐሳብ ላይ ጥሎኛል። ከኮረብታው ግርጌ ባለችው ምንጭ የሰው ልብስ እያጠብኩ ልጆቼን የማሳድግ ሴት ነኝና፣ ውሃ ቢኖረኝ ኖሮ እኔው አጸዳልዎ ነበር። ውሃ ያጣሁበትን ምክንያት በአካል እንዳላስረዳዎ፣ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ኮረብታችንን «ባዶ መሬት» ብለው ስለ መዘገቡልን እናመሰግናለን። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምተን ፍየሎቻችንን ካራቅን ወዲህ፣ ተቆርጠው ከቀሩት ጉቶዎች ወይራውና ዋንዛው አቆጥቁጦ ከሰው ቁመት አልፎ፣ ደርቃ የነበረችው ምንጭም በጋውን ሙሉ መፍሰስ ጀምራ ስለነበር፣ እኛ የዋሆቹ ደን የተመለሰ መስሎን ነበር። ለካስ ቁጥቋጦ ኖሯል።

2ኛ. ለችግኝ ተከላው በዓል ቦታ እንዲጸዳ ያንን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ስላስነቀሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ደን ለመትከል ደን መመንጠር ለተራ ሰው የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። በምትኩ የተተከለው ባሕር ዛፍ በፍጥነት እንደሚያድግ በድምፅ ማጉያ ተነግሮን ነበር፤ ከነፕላስቲኩ ስለ ተቀበረ በፍጥነት ደረቀ፤ ምንጯም ተከተለችው።

3ኛ. «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የተባለውን ደግሞ እንዳንረሳ። ድርሻችን ማጨብጨብ ነበር፤ በሚገባ ተወጥተነዋል። ባርኔጣም ታድሎናል። ለእኔ የደረሰኝ ዓይኔን ጭምር የሚሸፍን ነው፤ ታስቦበት ይሆናል።

4ኛ. በዚህኛው ላይ መቀለድ አልችልም። ፍየል ባዩ ቁጥር ስለሚጮኹ ሰፈሩ «አባ ቁጣ» የሚላቸው አጎቴ፣ ቡቃያውን ማንም ሳያዛቸው ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። መንጣሪዎቹ ሲመጡ ከዋንዛው ፊት ቆመው ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ እያሉ ለመኗቸው፤ እርስዎ ግን የልማት እንቅፋት ብለው በሰው ፊት አስጎተቷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፃቸውን ሰምተን አናውቅም። ጀርባቸውን ለኮረብታው ሰጥተው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ፍየሎቹም ይህን አውቀው እንደ ልባቸው ይወጣሉ። አንጀቴን አሳርረውታል፣ ክቡርነትዎ።

አሁን ደግሞ ያልተነካውን የኮረብታውን ወዲያኛ ጎን በመጪው ክረምት ሊያለሙልን እንዳሰቡ ሰማሁ። ምንጬ ዛሬ የምትሰጠኝ በጣሳ የምትለቀም ውሃ የምትመጣው ከዚያ ብቻ ነው፤ እሷም ከሄደች እኔም ልጆቼን ይዤ ከመሄድ በቀር ሌላ መላ የለኝም። ስለዚህ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ነዎትና አንድ ሥራ ልቀንስልዎ፦ እባክዎ አይምጡ። ችግኙም፣ ድንኳኑም፣ ባርኔጣውም ይቅርብን። ፍየሉን እኛ እናግዳለን፤ ዛፉ መብቀሉን ያውቅበታል።

ውለታዎን ደረቅ ባልዲ ባነሳች ቁጥር የምታስታውስ፣ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ እኛ ያጣነውን ጥላ አብዝቶ እንዲሰጣችሁ የምትመኝ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ልብስ አጣቢዋ

ማስታወሻ፦ በዓሉ ሲከበር ሠራተኞችዎ «በጽሕፈት ቤታችን የለማ ደን» የሚለውን ሰሌዳ ለማቆም ከዚያው ከኮረብታችን እርጥብ የሾላ ግንድ ቆርጠው ቀብረው ነበር። ሰሌዳውን ነፋስ ጣለው፤ ቋሚው ግን ሥር ሰድዶ ቅጠል አውጥቷል። በዚያን ቀን ከተተከለው ሁሉ የጸደቀው እሱ ብቻ ነው። ትናንት አጎቴ ከደጃፋቸው ተነሥተው ወጡና ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት። ቁጥቋጦ መሆኑን ለመንጣሪዎችዎ እንዳይነግሩብን አደራ።