የልጄ ቀኝ በየት በኩል እንደሆነ

ለተከበሩ የጥርስ ማስተካከያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሠላሳ ሁለቱም ጥርሶችዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከክሊኒክዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ልብስ የምሰፋው ሰው ነኝ፤ ባለፈው ዓመት የነጭ ጋዋንዎን የተተረተረ ኪስ የጠገንኩልዎ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ኪስ ሳይሆን ስለ ሴት ልጄ አፍ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ክፍልዎ ሁለት ዓይነት ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማቅኛ ሽቦ፣ በጥናት ሲያወዳድር ልጄም ፈርማ ጥናቱ ውስጥ ገባች። በቀኝ በኩል ሽቦው በጥቃቅን ላስቲክ የሚታሰረው፣ በግራ በኩል ደግሞ የራሱ መዝጊያ ያለው ተገጠመላት። በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ያለው ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ በአንድ አፍ ሁለት ብሬስ ያየሁት ግን በእናንተ ዘንድ ነው። አሥራ ስምንት ወር ይበቃል ተብሎ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንደኛውን ይዘናል። ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የግራ ጥርሶቿ በአሥራ አራተኛው ወር ተስተካክለው ሳለ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን ካልተፈቱ ንጽጽሩ ይበላሻል በማለት የግራውም አብሮ ታስሮ እንዲቆይ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። እኔ እንኳ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ስላልጨረስኩ የሌላውን አላግትም። የቀኙም ቢሆን ካለቀ አምስት ወር ሆኖታል።

፪ኛ፦ ጥርሶቿ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ በየወሩ እየተፈራረቁ ለሚለኩት ሁለት ሐኪሞችዎ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። አንደኛው ከፊቷ ቆመው ይለካሉ፤ ሁለተኛዋ ከራስጌዋ ተቀምጠው ይለካሉ። ሁለቱም መዝገቡ ላይ ቀኝ ብለው የሚጽፉት በራሳቸው ቀኝ በኩል ያለውን ነው፤ ስለዚህ የልጄ ቀኝ አንዱን ወር ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወር ግራ ሆኖ ኖሯል። ይህን ያየሁት ከወንበሩ አጠገብ ቆሜ ስጠብቅ ነው፤ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። ልብስ ሰፊ ከደንበኛው ፊት ሲቆም የሰውየውን ቀኝ ከራሱ ግራ በኩል መፈለግ እንዳለበት በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። እርግጥ እኛ ዩኒቨርሲቲ አልገባንም።

፫ኛ፦ ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን ውጤት በአድናቆት አንብቤዋለሁ፤ በሁለቱ ብሬሶች መካከል ልዩነት አልተገኘም ይላል። ጨውና ስኳር በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ የቀመሰ ሰውም ልዩነት አላገኘሁም ቢል አይፈረድበትም።

፬ኛ፦ በመዝገቡ ላይ መጠነኛ አለመጣጣም ስለታየ ልኬቱ ከመጀመሪያው እንደሚደገም፣ ብሬሱም ለተጨማሪ አሥራ ስምንት ወር እንደማይወልቅ የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶናል። ከእንግዲህ የማይንቀሳቀሱ ጥርሶች ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ ለማወቅ ያለዎትን ትዕግሥት አደንቃለሁ።

የእኔ ትዕግሥት ግን አልቋል። ልጄ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ፊደል ስታስቆጥር ልጆቹ የአፏን ቅርጽ ማየት አለባቸው፤ እሷ ደግሞ ብሬሱ እንዳይታይባት አፏን በእጇ ከድና ታስቆጥራለች። ባለፈው ወር ርእሰ መምህርቷ ክፍሉን ሲጎበኙ አርባ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ሀ ሁ ይሉ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ይህ ካልተስተካከለ ከክፍል ወጥታ መዝገብ ቤት እንድትሠራ ተወስኗል። ይህን ስትነግረኝ የሚያስቅ ነገር መሆኑ ገብቶኝ ነበር፤ እሷ ግን አለቀሰች። ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና፣ እኔም አለቀስኩ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፦ ብሬሱን ያውልቁላት። በሁለቱም በኩል ስለሆነ ቀኙን ከግራው መለየት አያስፈልግዎትም።

ቀኝ ያውልዎ ብዬ ልመርቅዎ ነበር፤ የማን ቀኝ ብለው እንዳይቸገሩ ትቼዋለሁ።

ኪስዎ ዳግም ቢተረተር በደስታ የሚጠግንልዎ፣
ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ከደነች። ለመዝገብዎ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የከደነችው በቀኝ እጇ ነው፤ በእሷ ቀኝ።