ሃያ ስምንት ሺህ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት

ግንቦት 12 ቀን 1955
ለወላጆች በዓል ንግግር እኔ ተመረጥኩ። ስለ ጄኔቭ የአቶም መኪና። ፕሮቶን የምትባል አንዲት ቅንጣት በሃያ ስምንት ሺህ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስወነጭፋል። ጓደኛዬ ይመኙሽ "ቮልትሽን ማን ያውቀዋል? ወደሚገባን ለውጪው" አለች። ወደ ጁል ለወጥኩት። ጉድ ነው... ሠላሳ አሃዝ! ጣናን ከነደሴቶቹ አፍልቶ ይጨርሳል። ዲሬክተሩ ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም።

ግንቦት 15
ዲሬክተሩ ለከተማው ሹማምንት ሳይቀር "ጣናን የሚያፈላ መኪና" እያሉ አውርተዋል። ኮራሁ። ግን... ጄኔቭም ሐይቅ ዳር ናት። ሐይቋ እስከ ዛሬ ለምን አልፈላችም?

ግንቦት 16
ማባዛት ሲገባኝ አካፍያለሁ! እውነተኛው መልስ አንድ ጁል ሺህ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አራት ተኩሉ ብቻ። ከይመኙሽ ጋር ሺህ ፍሬ ጤፍ ቆጥረን በቤተ ሙከራው ሚዛን መዘንን። አንዷ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብትወድቅ ጉልበቷ ያው ነው። ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስኩ።

ግንቦት 18
የፊዚክስ መምህራችን አቶ ክንዱ ሂሳቡን አይተው "ልክ ነሽ" አሉ። ዲሬክተሩ ግን፦ "ሹማምንት የጠራሁት ለጤፍ ነው? የፊተኛውን ትናገሪያለሽ፤ አለዚያ የክፍልሽ ልጅ በላቸው ይናገራል።"
ውሸት አልናገርም። ንግግሩንም ለማንም አልለቅም።

ግንቦት 20
ለጤፍ ጉልበት ያን የሚያክል መኪና ለምን ሠሩ? ይህን ካልመለስኩ መሳቂያ ነኝ።

ግንቦት 22
ገባኝ! ጤፏ ጉልበቷን ስፍር ቁጥር ለሌላቸው ቅንጣቶቿ ታካፍላለች። ጄኔቭ ላይ ግን ሁሉንም አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ትሸከማለች። ለዲሬክተሩ ነገርኳቸው። አቶ ክንዱም አገዙኝ። "ቢስቁብሽ የለሁበትም" አሉ ዲሬክተሩ በመጨረሻ። ይሁን።

ሰኔ 2
ተናገርኩ። ተሳስቼ እንደነበር አስቀድሜ አልኩ። ሹማምንቱ ተያዩ። ጤፏ ላይ ስደርስ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከትክል ድንጋይ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ባዬ፣ ተነሱ።
"ምነው ልጄ፣ ለአንዲት ጤፍ ይህን ያህል ደከሙ?"
"አያ ባዬ፣ ጤፏ የምትሸከመውን አንዲት ቅንጣቷ ብቻዋን ብትሸከመውስ?"
አሰቡ። አሰቡ።
"ያችን ቅንጣት አያድርገኝ" አሉ። "ሸጋ ተናገርሽ።" ያኔ በእኔ ላይ የሳቀው ሁሉ ከእኔ ጋር ሳቀ።

በኋላ ዲሬክተሩ ሹማምንቱን ሲሸኙ ስለ ጤፏ ራሳቸው ያስረዳሉ። ሚሊ ሜትሩን ሜትር አደረጉት። ሄጄ እዚያው፣ በሹማምንቱ ፊት፣ አረምኳቸው።