ልጄ መምህር ሲሆን

ይድረስ ለልጄ ለዶክተር ይሄይስ፦ አለቃህን ቴዎፍሎስን ሳልወቅስ ሰላምታዬን አልጀምርም፤ ከልብ ቀዶ ጥገና አውጥቶ አስተማሪ ያደረገህ እሱ ነው።

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልቡን የሰፋህለት የቡሬው ልጅ ዘንድሮ በሬ ጠምዶ አረሰ፤ እናቱ ገበያ መሀል እጄን ካልሳምኩ ብላ አስቸገረችኝ። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ይርሳውም፣ «መምህርነትማ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምን ያስከፋሻል?» አሉኝ። እውነትም ኮራሁ።

በፋሲካ የበጉን ማረጃ ቢላዋ ለታናሽህ ለአሸናፊ ስትሰጠው፣ «የሰው ልብ የሚከፍተው ሐኪም በግ ፈራ!» ብሎ አሳቀን። አንተም ሳቅህ፤ እጅህን ግን ከጋቢህ ውስጥ አላወጣህም። ቀደም ብሎ የቀዳሁልህ ጠላም፣ ዋንጫውን ስታነሳ ግማሹ ጋቢህ ላይ ፈሶ ነበር።

እናትህ አደይ ነኝ፤ ማርያም ትጠብቅህ። ከእንግዲህ ስትመጣ ዋንጫህን እስከ አፉ ሞልቼ ጠላ አልቀዳልህም።