ሳይጮህ የነጋበት አውራ ዶሮ

ግንቦት 26 ቀን 2003 ዓ.ም.። ዛሬ አውራ ዶሮው ሳይጮህ ነጋ።

ልጄ ሰብለ፣ የቤተ ልሔሟ እመቤት በሰው ቤት ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ጀምሯል፣ ላሟም ወልዳለች።

በብድር የገዛኋቸው ዶሮዎች ደህና ይጥሉ ነበር። የግብርና ሠራተኛዋ "እማማ፣ ያለ አውራም ይጥላሉ፤ በሽታ እንዳይመጣብዎ ከገበያ ምንም ዶሮ እንዳያስገቡ" ብላኝ ነበር። ለብድሩ ዋስ የሆነችኝ ጎረቤታችን ካሣነሽ ግን "አውራ የሌለው ቤት ምኑ ቤት ነው?" እያለች ሳቀችብኝ። ባለፈው አርብ ገበያ ላይ ከአንዲት ሴት አንድ አውራ በርካሽ ገዛሁ። ዓይኔን ሳታይ ብሩን ተቀብላ ሄደች። ዛሬ አውራው ሞቶ አገኘሁት፤ የሁለት እንቁላል ጣዮችም አንገት ተጠምዝዟል። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ነው።

ብድሩን የወሰድኩት አንቺ ከቤይሩት ቶሎ እንድትመለሺ ነው። አደራ፣ ለዚህ ብለሽ ውልሽን እንዳታራዝሚ።

ካሣነሽ ደጅ ቆማ ትጣራለች።

"ርብቃ፣ ተነሽ እንጂ! ሳይሞቱ ገበያ እናድርሳቸው፤ ዕዳው የሁለታችን ነው።"

"የሚገዛው ሰውስ?" አልኳት።

"ላንቺ ማን አዘነልሽ?"

ልጄ፣ አምላክ በሰላም ይመልስሽ፤ ለኔም ጸልዪልኝ። አሁንም በእግራቸው የቆሙትን ዶሮዎች ለይቼ እግራቸውን አስሬያለሁ። ቅርጫቱን ይዤ ወደ ገበያ መውጣቴ ነው።