አኩራፊዋ አህያ የማን ናት?

ለልጄ አባት፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? በር ብቻህን ተሸክመህ ደረጃ መውጣት እንደማትተው ስለማውቅ አስቀድሜ የምጠይቀው ወገብህን ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ድንቡሼዋ ልጃችን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። ትስቅብኛለህ ብላ ነው በስልክ አላወራም ያለችህ እንጂ ተቀይማህ አይደለም።

እኔና አንተ ከልጅቷ ልብስና ከትምህርት ቤቷ ጉዳይ አልፈን ከተነጋገርን ዓመት አልፎናል። ስለዚህ ይህ ወፍራም ፖስታ ሲደርስህ ምን ሆኑብኝ ብለህ እንዳትደነግጥ። የሞተ የለም፣ የታመመም የለም። ነገሩ የአህያዋ ነው።

አዎ፣ የአኩራፊዋ። ድንቡሼዋ ሦስት ዓመቷ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እየጎተተች ስትሰባብር፣ ከበር ቁራጭ አህያ ቀረጽኩላት። ጆሮዋን፣ ሽፋሽፍቷን፣ ያንን ቂመኛ አፏን የቀባሁት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ሆዷን ከፍተህ ቦይ ፈለፈልክና የኩሽኔታ የብረት ኳስ ከተትክባት። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብለው ሲስቧት ኮቴዋን እያንኳኳች ትከተላለች፤ መንጭቀው ሲጎትቷት ግን ኳሱ ወደ ኋላ ይንከባለልና የኋላ እግሮቿ ታጥፈው ዘጭ ትላለች። ገመዱን ካላላሉላት ንቅንቅ የለም። እኔ ተበላሸች ብዬ ስጮህብህ አንተ ልጅቷን ታይ ነበር። በሳምንቱ እጇ ለሰለሰ፤ የጠረጴዛው ጨርቅም ብርጭቆዎቹም ከእሷ ዐረፉ። ስሟንም እሷው አወጣችላት።

ባለፈው ወር አንድ የመጫወቻ አከፋፋይ ወንበር ሊያሠራ ወርክሾፕ መጣ። ድንቡሼዋ አህያዋን ስታንሸራሽር አየና ገመዱን ተቀበላት። ሱፍ የለበሰ ትልቅ ሰው እኮ ነው! መነጨቃት፣ ተቀመጠች። ደግሞ መነጨቃት፣ ግግም አለች። ለስለስ ያድርጉት አልኩት፣ አልሰማኝም፤ ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ ልጅቷ ገመዱን ከእጁ ወስዳ ሳብ ስታደርጋት ተነስታ ስትከተላት፣ ሰውዬው እዚያው እንጨት ቅርፊቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ሳቁን ትቶ ነጋዴ ሆነ። ለጥቂት ቀን ልውሰዳት አለኝ። አንተ ብትሆን በሳጥን አሽገህ ታስረክበው ነበር፤ እኔ ግን አህያዋን አቅፌ ቆምኩ። ሆዷን ከፍቶ ቢያያት በማግስቱ ሺህ አህያ እንደሚያስፈለፍል ከዓይኑ ታወቀኝ። እሱም እንዳልሞኝለት ሲገባው ነገሩን በወግ ያዘው። ከመጪው የንግድ ትርኢት በፊት ፈጠራነቷን አስመዝግቢና ሕጋዊ ወረቀት ይዘሽ እንዋዋል፣ የማሠሪያውን ወጪ እኔ እችላለሁ አለኝ። ሐሳቡ የሁለታችን ነው ስለው፣ የሄደ ሰው ምን አገባው፣ በስምሽ ብቻ አድርጊው ብሎኝ ወጣ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቃሉ ደስ አላለኝም፤ ግን አሰብኩበት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ይህ ውል ካልተሳካ ወርክሾፑን መልቀቄ ነው። ከዚያ የሰው ቤት ወንበር እየዞርኩ ቀለም ልቀባ? ደግሞም አንተ በምን ታውቃለህ? አንድ ነገር የጻፍንበት ወረቀት የለም፣ ከቤት ሰው በቀር ያየም የለም።

ፈጠራ የምታስመዘግብ ጠበቃ ዘንድ የተቀጠርኩ ለት ምን እንዳደረግኩ ስማ። ከወርክሾፑ የሚወጣ ዕቃ ሳይቀባ እንደማይወጣ ታውቃለህ። አህያዋንም ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በተልባ ዘይት አሸኋት። ሆዷንም ከፈትኩና ቦዩን ሳይቀር ጥግብ አድርጌ ቀባሁት። እንደ ሙሽራ አስውቤ ይዣት ሄድኩ።

ጠበቃዋ ገመዱን መነጨቀች። አህያዋ ተከተለቻት። ደግሞ መነጨቀች፣ ይባስ ብላ እየሮጠች እግሯ ሥር ደረሰች። እኔም ብሞክር ያው። ዘይቱ ኳሱን አጣብቆ ይዞት ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠበቃዋ ጨዋ ናትና አልሳቀችም፤ የምትቀመጠውን ይዘሽ ነይ ብላ ሸኘችኝ።

ቤት ገብቼ ሆዷን ጠረግኩ፣ አልሆነም። አዲስ ሆድ ልፈልፍል ብዬ ተቀመጥኩ። የአንተን ቦይ አይቼ አስመስዬ ቀረጽኩ፤ በየእርምጃው የምትቀመጥ አህያ ወጣችልኝ። ሌላ ቀረጽኩ፣ እሷ ደግሞ ጭራሽ አትቀመጥም። ለካ ቦይህ ቀጥ ያለ አይደለም። መሀሉ ላይ ዘንበል ይልና ጫፉ ላይ በአውራ ጣት የተጫኑት ያህል ጎድጎድ ይላል። ጣቴን አስገብቼ ስዳስሰው አንተን ያገኘሁህ መሰለኝና ሆድ ባሰኝ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ድንቡሼዋ ሳለቅስ አይታ አህያዋ ስለታመመች መሰላት። አባባ እኮ ጠመኔ ነው የሚያበላት አለችኝ። እስክትሄድ ድረስ በየጊዜው ሆዷን ከፍተህ ቦዩን በጠመኔ ታሽላት ኖሯል፣ እሷም ከጎንህ ቁጭ ብላ ጠመኔውን ትይዝልህ ኖሯል። እኔ መቼ አይቼ! ጠመኔ ፈጭተን አበላናት። ዘይቱን ምጥጥ አደረገው። መነጨቅኳት፣ ዘጭ አለች። ልጅቷና እኔ ተቃቅፈን ዘለልን፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበብን።

ተመልሼ ስሄድ ጠበቃዋ ወንበሯን ትታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አህያዋን አስቀመጠቻት፣ አስነሳቻት። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ ለጽሕፈት የተዘጋጀ ወረቀት ስባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ይህ ሐሳብ የመነጨው ከማን ነው?»

የሰውዬው ምክር አፌ ላይ ነበር። ከእኔ ብቻ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከባለቤቴ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ተለያይተናል ብለሽኝ አልነበር አለችኝ። ግን ያልኩትን ጻፈች።

ከዚያ እንደ አስተማሪ አስረዳችኝ። ሕጉ ሁሉን በአንድ ጆንያ አይከትም። የሚያስቀምጣት የሆዷ ሥራ ፈጠራ ነው፣ እሱ ፓተንት የሚባል የፈጠራ መብት ወረቀት ይወጣለታል፤ ፈጣሪ ተብሎ የሚሰፍረውም ያሰበው ሰው ስም ነው። የሌላ ሰው ስም ሰፍሮበት ኋላ ቢታወቅ መብቱ ይፈርሳል። ጆሮዋና አፏ፣ መልኳ በጠቅላላ ደግሞ ንድፍ ነው፣ እሱ ለብቻው ይመዘገባል። አኩራፊዋ የሚለው ስም የንግድ ምልክት ይሆናል። እንግዲህ ሆዷ የአንተ፣ መልኳ የእኔ፣ ስሟ የልጃችን ሆነ ማለት ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሰውዬው የሚሸጠው አህያ የለም። ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ።

ማመልከቻው በስምህ ገብቷል። አከፋፋዩ ስነግረው ቆሽቱ አረረ። እስከ ትርኢቱ ይጠብቅ እንደሆን አላውቅም፤ ባይጠብቅም ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ የአንተን ሆድ በስሜ አልሸጥም። ይልቅ ዜናውን ለድንቡሼዋ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለህ? አባባንስ በስማችን ማስመዝገብ አይቻልም ወይ አለችኝ። ለጠበቃዋ ብነግራት የዚህ ሕግ የለም ብላ ከልቧ ሳቀች።

ስለ ሌላውም ነገር ልንገርህ። የሩቁን ከተማ የበር ሥራ ተቀበል ብዬ የወተወትኩህ እኔ፣ ስትቀበል ደግሞ ከሄድክ አትመለስ ያልኩህ እኔው ነኝ። ቤቱ የሚቀዘቅዝ መስሎኝ ደንግጬ ነው። አንተም ከአፏ አመለጣት ብለህ አታልፍም፣ ቃሌን እንደ ኑዛዜ ይዘህ ወጣህ። በየሁለት ሳምንቱ ለልጅቷ ስትደውል ከበሩ ጀርባ ሆኜ ድምፅህን እሰማለሁ። አንድ ቀን እናትሽስ ብለህ ስትጠይቃት ሰማሁ፤ ደህና ናት አለችህ። ደህና አልነበርኩም።

የቀረው አንድ ጉዳይ ነው። ጠበቃዋ የሆዷን መብት ወደ እኔ የምታስተላልፍበት ወረቀት አዘጋጅታ ሰጥታኛለች። መምጣት አያስፈልገውም፣ በፖስታ ላኪለት፣ ፈርሞ ይመልስልሽ፣ ከዚያ ሁሉንም ብቻሽን ትፈራረሚያለሽ፣ በዚያው ነገሩ ይዘጋል አለችኝ። ፖስታውን ስትበረብረው ያንን ወረቀት ብትፈልግ አታገኘውም። አልከተትኩትም። ረስቼ አይደለም፤ እንዲዘጋ ስላልፈለግኩ ነው።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወርክሾፕ ነኝ፣ እሁድ ቤት ነኝ።

ፈጣሪ ወገብህን ያበርታልህ፣ እጅህን ይባርክልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። ድንቡሼዋ በወለቀው ጥርሷ በኩል ስማሃለች።

የልጅህ እናት