በአክብሮት ያስቀመጥናቸው እናታችን

ወይዘሮ ከበደች ረጋሳ ከአባታቸው ከአቶ ረጋሳ ቱሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ አያንቱ ገለታ በ1951 ዓ.ም. ጅጅጋ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው የልብስ ስፌት ለመዱ። በ1974 ዓ.ም. ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ገመቹ ጋር ተጋብተው ቲቲንና አክሊልን ወለዱ። ባለቤታቸው የበርበራን መስመር ሲይዙ ቤተሰቡ በ1996 ዓ.ም. ሐርጌሳ ገባ፤ እናታችንም ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ስፌት ቤት ከፈቱ። አባታችን በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናታችንን ጉልበታቸውን ያማቸው ጀመር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወይዘሮ ሮዳ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ዝም ብለው ሲቀመጡ እንደሚብስ፣ በልክ ሲንቀሳቀሱ እንደሚሻል በሶማልኛ አስረዷቸው። እናታችን ደግሞ የሰሙትን ደብቀው የሚያስቀሩ ሰው አልነበሩም። ሼክ ኑር ሰፈር የሚኖሩ፣ ሶማልኛ የማይሰሙ የአገራችን ሴቶች «ቁርጥማት ነው» እያሉ መተኛታቸውን ያውቁ ነበርና ዓርብ ዓርብ ግቢያቸው ሰበሰቧቸው።

ሴቶቹ ግን በዚህ ዕድሜያችን ስፖርት ስንሠራ ሰው ቢያየን ምን ይለናል ብለው አፈሩ። ወይዘሮ ከበደች መላ አያጡም፤ ስፖርቱን «ኖር» አደረጉት። አንዷ ከበር ስትገባ የተቀመጡት ሁሉ ወንበሩን ሳይደገፉ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ፤ ደግሞ ሌላዋ ትገባለች። «በእግዜር፣ አይነሱ» ማለት በዚያ ግቢ ክልክል ነበር። ሳቃቸው ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ድሬዳዋ ያደጉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዴቆ፣ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው የነበረው፣ ዛሬ ዋሄን ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ዝናቡ ግቢውን አጨቅይቶት እናታችንን አዳልጧቸው ወደቁ። አልተሰበሩም፤ እኛ ግን ደነገጥን። ወይዘሮ ሮዳ ቶሎ ወደ እንቅስቃሴያቸው ይመለሱ ቢሉንም፣ ያረጀች እናታችሁን ታሠራላችሁ መባልን ፈራን። ትልቅ ሶፋ ገዛን፤ የዓርቡን ስብሰባ አስቀረን፤ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ሲነሱ «በሞቴ ይቀመጡ» አልን። በሞቴ ያላቸውን ልጅ እምቢ ማለት አይሆንላቸውምና ተቀመጡ። እንግዳ ሲገባ ሊነሱ ሲሞክሩ ትከሻቸውን ይዘን የመለስናቸው እኛ ልጆቻቸው ነን። እንግዳውም «ወላጅን እንዲህ ይጡሩ» ሲል ደስ ይለን ነበር። ያሳፍራል። በዓመቱ ያለ ሰው መቆም አቃታቸው።

በሳንባ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሐኪሙ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም ብሎናል፤ እግዜር ይስጠው። እግራቸውን ግን የወሰድንባቸው እኛ ነን፤ ይህን ዘለን ብናነብላችሁ ሌላ ነውር ይሆንብናል። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና እነዚያን የዓርብ ሴቶች ትተው ሄደዋል። ከሰባታቸው በኋላ ዓርብ ግቢው ክፍት ነው፤ ሶፋውን አውጥተነዋል።

አሁን አስከሬናቸው ወደ ጅጅጋ ለመሄድ በዚህ በር ሲወጣ፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁም ቀስ ብላችሁ ተነሡላቸው። አደራ፣ ማንም ማንንም «አይነሱ» እንዳይል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ ደጋጎች ብድግ ብለው «ኖር» በሚሏት ስፍራ ያሳርፍልን።